ፌንደር ቢሆን ኖሮ

ጊታር ተጫዋች ሰበብ አያጣም። የእኔ ሰበብ ለሦስት ዓመት ያህል «ቻይና ነው» የምትል ነበረች። ጣቴ ሲስት «ቻይና ነው»። ቅኝቱ ሲወርድ «ቻይና ነው»። ሰርግ ላይ ዘፋኟ ዞራ ስትገላምጠኝ በአገጬ ወደ ጊታሬ እየጠቆምኩ «እኔ ምን ላድርግ፣ ቻይና ነው እኮ!» እላታለሁ። ፌንደር ቢሆን ኖሮማ! ፌንደር ቢሆን ኖሮ የማልጫወተው ዘፈን፣ የማልደርስበት መድረክ አልነበረም።

ጊታሩን የገዛሁት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ከትንሽ አምፕሊፋየርና ከስስ የጨርቅ ቦርሳ ጋር 7,000 ብር። የፋብሪካውን ስም አልነግራችሁም፤ ብፈልግም አልችልም፣ ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሁለተኛው ወር ተፍቆ ጠፍቷል። መልኩ ግን የታወቀ ነው። ሁለት ቀንድ፣ ሦስት ፒክአፕ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ፕላስቲክ። ሊዮ ፌንደር በ1954 ያወጣው የስትራቶካስተር መልክ ነው (በዚህ ጽሑፍ ስለ ፌንደር ስናወራ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ስለ እኔ ስናወራ የሐበሻ)። ዓለም ላይ ብዙ ርካሽ ጊታሮች ይህንኑ መልክ ለብሰው ነው የሚወለዱት። ከሩቅ ያየ ልዩነቱን አያውቅም፤ ከቅርብ ያየ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት አይናገርም። ደሴ ነው እንግዲህ።

ያኔ ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ አምስት ሆነን ሰርግ እንሠራለን፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሲቀናን ሐይቅ። ከዚያ ከማገኘው ላይ እየቀነስኩ ዕቁብ እጥላለሁ። ሌላው ሰው ለሱቅ፣ ለባጃጅ፣ ለትዳር ዕቁብ ይገባል። እኔ ለፌንደር ገባሁ። እናቴ «ለምንድን ነው?» ስትለኝ «ለዕቃ» አልኳት። አልዋሸሁም።

አሁን ወደ ጥር 2012 ልውሰዳችሁ። ኮምቦልቻ፣ የሞላ ድንኳን። ጊታሬን ጠዋት ደሴ ላይ አሳምሬ ቃኝቼዋለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጦሳ ሥር ተሸጉጣ፣ በጥር ጠዋት ጣት የሚያደርቅ ብርድ አላት። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ ጃኬት ይወልቃል። ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ጊታር ምን ያደርጋል? ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ክሩ ይላላል፤ ድምፁ ይወርዳል። ይህ በየትኛውም ጊታር ላይ ይደርሳል፤ ፌንደርም ሐረጎን ሲወርድ ይወርዳል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሌላው ጊታር መቃኛውን ትንሽ ስታዞሩት ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔው ግን ታዞሩታላችሁ፣ ምንም አይልም፤ ትጨምራላችሁ፣ ዝም፤ ከዚያ በዘፈኑ መሀል «ጢን!» ብሎ ከሚገባው በላይ ይዘላል።

ዘፋኟ ባቲ ጀመረች። ልብ በሉ፤ ባቲ ከተማ ከዚያ ድንኳን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚውሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ፊት ባቲን ማበላሸት ማለት በሰው እናት ፊት ልጇን እንደ መስደብ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲስቁ አየኋቸው፤ በጨዋ ደንብ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ሌሊቱን ስንመለስ የባንዱ አለቃ መኪናው ውስጥ ሳይዞር እንዲህ አለኝ፦ «አንተዬ፣ ወይ ጊታሩን ቀይር፣ ወይ እኛ እንቀይርሃለን።»

ያው እንደ ጠበቅኩት ነው። ጥፋተኛው ጊታሩ መሆኑ በአለቃ ደረጃ ተረጋገጠልኝ።

በዚያው ወር መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለእህቱ ሰርግ መጣ። በጠንካራ ሣጥን ውስጥ አሜሪካ የተሠራ የፌንደር ስትራቶካስተር ይዟል። ሣጥኑን ሲከፍተው እውነቱን ለመናገር ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝ። ሆጤ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሁለቱን ጊታሮች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አጋደምናቸው። መንታ ይመስላሉ። አንዱ የተማረው መንታ፣ አንዱ የቀረው።

ዳኛ አስፈለገን። ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ ጋሼ አሉ። በደርግ ጊዜ የቀበሌና የአውራጃ ኪነት ሲቋቋም ጊታር ይዘው የዞሩ ሰው ናቸው። ማሪቱ ለገሠን ያወጣው የወሎ ላሊበላ ኪነት ስሙ በገነነበት ዘመን ማለት ነው። ለቡና ጠራናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ፤ እኛ በእኔው ትንሽ አምፕሊፋየር እያፈራረቅን እንጫወታለን፣ እሳቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ።

መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ተጫወተ። ጋሼ «ልዩነቱን አልሰማሁትም» አሉ። ቀጥሎ እኔ ሁለቱንም ተጫወትኩ። «ይሄ አንተ ነህ» አሉኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ። ስለ ጊታሩ ምንም አላሉም። ጆሮዬ ጋለ። ሦስተኛ ዙር ላይ ግን፣ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጫወትን በኋላ፣ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ጊታር በአውራ ጣታቸው ከኋላ አመለከቱ። «ይሄኛው ሄዷል። ያኛው እስኪነጋ ይቆያል።»

ትክክል ነበሩ። ሁለቱ ጊታሮች በትንሽ አምፕሊፋየር፣ በትንሽ ክፍል፣ በአንድ እጅ ሲመቱ የድምፃቸው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም። በማግስቱ የባንዱን ትልቁን አምፕሊፋየር ተውሰን ደገምነው። እዚያ ልዩነቱ ወጣ። ድምፁን ከፍ ስናደርገው የእኔው ፒክአፕ እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸ። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ጥሩ ሠሪ ሽቦው እንዳይንቀጠቀጥ ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ውስጥ ይነክረዋል፣ አጣዳፊው ይዘለዋል። ፌንደሩ አልጮኸም። ግን እሱም «እምምም» ይል ነበር፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉርምርምታ ይስባል፤ የቤታችን ሽቦ ደግሞ ከማን እንደተገናኘ የገጠመው ሰው እንኳ አያስታውስም። የ1,500 ዶላር ሰው የእኛ ቤት ሲገባ እኩል ያጉረመርማል ብለን ሳቅን።

ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ? ያን ሳምንት ሁለቱን ፈታትቼ ሳይ የገረመኝ ተመሳሳይ የሆነው ነገር ብዛት ነው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋበት ርዝመት ሁለቱም ላይ 648 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩ ራሱ አንድ ነው፤ የፈለገ ሰው ርካሹ ላይ ውዱን ክር ያስራል። እንጨቱ ይለያያል፤ ግን በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ድምፁን የሚያነሳው ማግኔቱ እንጂ እንደ ክራር የእንጨቱ ሆድ አይደለም፣ ስለ እንጨቱ የሚወራውን ግማሹን ለሻጮች ተዉት። ማግኔቱ የእኔው ሴራሚክ ነው፣ የእሱ አልኒኮ፤ ይህም የጣዕም ነገር ነው፣ ጥሩ የሴራሚክ ፒክአፕም አለ።

ልዩነቱ ያለው ሰው እጁን ባሳረፈበት ቦታ ላይ ነው። የፌንደሩን አንገት ከላይ እስከ ታች እጃችሁን ብታሳልፉበት እንደ ታጠበ ሳህን ነው። የእኔው የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ይቧጭራል፤ ለካ ለሦስት ዓመት ግራ እጄ ላይ የነበረው ጭረት የትጋት ምልክት አልነበረም። ከዚያ ነት የሚሏት አለች፤ ክሮቹ ከመቃኛው ተነስተው አንገቱ ላይ ከመዘርጋታቸው በፊት የሚያርፉባት ጠባብ ቁራጭ። የእኔዋ ባዶ ፕላስቲክ ናት፣ ቦይዎቿ ጠበው ክሩን ነክሰው ይይዙታል። ኮምቦልቻ ላይ «ጢን!» ያለችው እሷ ናት! ባዶውን ክር ስትመቱት ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት ላይ ስትይዙት ከፍ የሚለውም ቢሆን የብሪጁ ብሎኖች በቦታቸው ስላልተስተካከሉ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ውድ ነው፣ ሌላ ቦታ ርካሽ፤ እዚህ እኔ እጅ የገባው ጊታር ላይ ጭራሹኑ አልተከፈለበትም።

ፌንደሮች ራሳቸው ይህን በደንብ ያውቃሉ። አንድ ቤት ናቸው፣ ግን ሦስት ደረጃ አላቸው። ኮሮና ካሊፎርኒያ የሚሠራው ውዱ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ሜክሲኮ፣ ኤንሴናዳ የሚሠራው መካከለኛው። እስያ የሚሠራው ደግሞ ስኳየር የሚባለው ርካሹ ዘር። ጊብሰንም እንዲሁ በ1957 በገዛው በኤፒፎን ስም ለእኛ ቢጤው ያመርታል። የስኳየር አወላለድ ደግሞ ያስቃል። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ጊታር እየቀዱ ገበያውን ሞሉት፤ በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የኢባኔዝን አከፋፋይ በጊታር ጭንቅላት ቅርጽ ከሰሰ። ፌንደር ሌላ ዘዴ መረጠ፤ በ1982 ራሱ ጃፓን ሄዶ የራሱን ቅጂ ማሠራት ጀመረ፣ ስኳየር ብሎ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ «ርካሾች» ዛሬ ሰብሳቢዎች እየተሻሙ የሚገዟቸው ቅርስ ሆነዋል። በተቃራኒው፣ ፌንደር ለሲ.ቢ.ኤስ. ከተሸጠበት ከ1965 በኋላ የተሠሩትን እውነተኛ ፌንደሮች ብዙ ተጫዋቾች «ጥራቱ ወረደ» ብለው ያሟቸው ነበር፤ በ1985 ድርጅቱን የራሱ ሰዎች መልሰው እስኪገዙት ድረስ። ስሙ ያው ስም ነው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ስለ ሃውንድ ዶግ ቴይለር ነገረኝ። የቺካጎ ብሉዝ ተጫዋች ነው፤ በርካሽ የጃፓን ጊታር ይጫወት ነበር፤ አሊጌተር የሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ በ1971 የተመሠረተው የእሱን አልበም ለማውጣት ነው። እኔም ትዝ ሲለኝ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማሁ ሳድግ አንድም ቀን «ምን ጊታር ነው?» ብዬ አላውቅም። ይህን ጥያቄ የጀመርኩት እኔው መጫወት ስጀምር ነው።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የኪነቱ ጊታር ምን ነበር?»

«ቀይ ነበር» አሉኝ።

«አይ፣ ብራንዱ ማለቴ...»

«ነገርኩህ እኮ። ቀይ ነበር። አንድ ሌላ ጥቁርም ነበር፣ እሱ የመንግሥቱ ካድሬ ወንድም ይዞት ስለነበር አልነካሁትም።»

ከዚያ ጋሼ የፌንደሩን ባለቤት «እስቲ አንቺሆዬ» አሉት። ተጫወተ። ፊታቸውን እንደ መራራ ነገር ቋጠሩ። በእኔውም አስደገሙት። ያው ቋጠሩ። «ሁለቱም አያውቁትም» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። ክራር ተጫዋች ክሩን በጆሮው ይቃኛል፤ ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ ጣት የፈለገበት ያርፋል። ጊታር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ኦክታቭ እኩል 12 ቦታ ተቆርጦ፣ በብረት ተቸንክሮ ነው የሚመጣው። የአንቺሆዬ አንዳንድ ድምፅ ከእነዚያ ብረቶች መሀል ይወድቃል። እዚያ ለመድረስ ክሩን በጣት ገፋ አድርጎ ማጠፍ ነው ያለው፤ ይህ ደግሞ 7,000 ብር የከፈለውንም 1,500 ዶላር የከፈለውንም እኩል ያደክማል። ስለ አንቺሆዬ የተጨነቀ ፋብሪካ ኮሮናም የለም፣ ቻይናም የለም።

የአክስቴ ልጅ ሲሄድ ሦስት ጥቅል ጥሩ ክር ተወልኝ። ጋሼ ደግሞ ጊታሬን ወሰዱብኝ። አራት ከሰዓት ፈጀ። የበሬ ቅልጥም አጥንት ከሥጋ ቤት ለምነን አመጣን፤ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በመጋዝ ቆርጠው፣ በሞረድ እየሳሉ አዲስ ነት ሠሩልኝ። የፍሬቶቹን ጫፍ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ ሩብ ዙር አዞሩት፣ ወገቡ ቀና። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቴፕ የሚሠራ ልጅ የተበጣጠሰ ሽቦውን በየደው፤ ፒክአፑንም ቀልጦ የቆየ ሰም ውስጥ ነከርነው። ለሁሉም የወጣው ወደ 600 ብር ነው።

አምስተኛው ቀን ቃኘሁት፤ ተቃኘ። አንድ ሰዓት ተጫወትኩ፤ ቆመ። በጣም ደስ አለኝ፣ ወደ ሃያ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ። ከዚያ መስማት ጀመርኩ። ትንሿ ጣቴ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ስሜት የመጣልኝ ሲመስለኝ እፈጥናለሁ። ኮርድ ስቀይር በመሀል የሚሞት ድምፅ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ በቅኝት መበላሸት ውስጥ ደብቄው ኖሬአለሁ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ምክንያቱም ማንም መለየት አይችልም ነበር። በዚያ ሳምንት ጊታር ልተው አስቤ ነበር። ቀልዴን አይደለም። መጥፎ ጊታር ይዞ መጥፎ መጫወት ይቻላል፤ ደህና ጊታር ይዞ መጥፎ መጫወት ሌላ ነገር ነው። እናቴ ብቻ ናት «ምነው ሰሞኑን ዝም አልክ?» ያለችኝ። ለጋሼ ነገርኳቸው። «አብሽር» አሉኝ፣ «ትንሿን ጣት ብቻዋን አሠራት።» አሠራኋት። ባንዱ ውስጥ ቆየሁ፤ የባንዱ አለቃ ዛሬም ድረስ ጊታር የቀየርኩ ይመስለዋል።

ለፌንደሩ ግን ፍትሕ ላድርግ። እኔ አራት ከሰዓትና አንድ ጋሼ የጨረስኩትን እሱ ሣጥኑ ሲከፈት ጨርሶ ነው የመጣው። ጎረቤቱ ጋሼ የሌለው ሰው ያ 1,500 ዶላር የሚገዛለት ነገር አለ። ርካሽ ጊታር ዕጣ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ጊታሮች አንዱ ቀና አንዱ ጠማማ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ደግሞ ደሴ ሆነን መርጠን አንገዛም፣ የመጣልንን ነው የምንወስደው።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማው ለቆ ወጣ፣ እኛም ወጣን። አንዱ እጄ አያቴን ይዟል፣ ሌላው የአያቴን ብርድ ልብስና የእህቴን የትምህርት ማስረጃ። ከመውጣታችን በፊት ወንበር ላይ ቆሜ ጊታሩን የኮርኒሱን ጨርቅ ቀድጄ ከላይ አጋደምኩት። አላለቀስኩም፤ 7,000 ብር ነው። መንገድ ላይ ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ዕቁቡ ቀድሞ ወጥቶልኝ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፌንደር ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ እጆቼ የትኛው ይይዘው ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ ብል ደስ ባለኝ።

ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። አምፕሊፋየሩ የለም። ጊታሩ ኮርኒሱ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተኝቷል፤ የቦርሳውን ማንገቻ አይጥ በልታዋለች። ጋሼ አልወጡም ነበር፤ ቤታቸው ነበሩ። በሰላም መመለሳችንን ካመሰገኑ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አጥንቷ ደህና ናት?» የሚል ነበር።

ዕቁቡ በ2015 ወጣልኝ። ለጣሪያ ቆርቆሮና ለያገለገለ አምፕሊፋየር ዋለ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፤ ፌንደርም ከእኔ እንደገና አንድ እጥፍ ራቀ። አሁንም እፈልገዋለሁ፣ አልዋሻችሁም። ሌሊት ስልኬ ላይ ፎቶውን አያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ነበርን። አሁን ሐረጎን ወርጄ እስክንሞቅ አንድ ሰዓት ሳልቃኝ እጠብቃለሁ፤ እኔም ጊታሩም። ዕረፍት ላይ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ መጥቶ ጊታሬን በዓይኑ ሲልስ ቆየና «ፌንደር ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም አልኩት። አላመነኝም። እሱም አንድ እንዳለው፣ ግን ቅኝት እንደማይዝ፣ «ቻይና ስለሆነ» እንደሆነ ነገረኝ። የጋሼ ዓይን አሁን ደክሟል፣ ሞረዱን የምይዘው እኔ ነኝ። «እሁድ ደሴ ይዘኸው ና» አልኩት፤ «ስትመጣ ሥጋ ቤት ጎራ በልና የቅልጥም አጥንት ለምን።»